የላስታ እህልና የላስታ ተራራ

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



ላሊበላ ሲባል ከሁላችን አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው ከአለት የተፈለፈለው ሕንፃ ነው። ዓለምም የሚያውቀው በዚሁ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ የተጻፈውም ይኸው ነው። እኛ ግን ዛሬ ማታ ስለ አብያተ ክርስቲያናቱ አንናገርም። ስለ እነርሱ አስጎብኚዎቹ ከእኛ በተሻለ ይናገራሉ። የእኛ ነገር ሕዝቡ ከቅዳሴ ወደ ቤቱ ሲመለስ ስለሚበላው እህል፣ እህሉ ስለሚበቅልበት መሬት፣ ከመሬቱም በላይ ስላለው ተራራ ነው። አለቱ 800 ዓመት ያህል ቆይቷል፤ ዘር ግን እንደ አለት አይደለም። ጎተራ ውስጥ ጥቂት ዓመት ሳይዘራ ከቆየ ነፍሱ ይወጣል። እየተዘራ ካልኖረ በቀር የሚኖርበት ሌላ መንገድ የለውም።

የላስታን አገር ያላያችሁ እንድትረዱት ያህል፣ ከተከዜ ሸለቆ ተነሥቶ ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ የሚወጣ ሰው ከቆላ እስከ ውርጭ ያለውን አገር ሁሉ በእግሩ ይቆርጠዋል። ከታች ማሽላና ዘንጋዳ አለ። ከፍ ሲል ጤፍ፣ ምስርና ሽምብራ ይመጣል። የላሊበላ ከተማ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው፤ ከዚያ በላይ ስንዴው፣ ባቄላውና ገብሱ ነው፤ ይበልጥ ሲወጡ ደግሞ ገብስ ብቻውን ይቀራል። ጫፉ ከ4,200 ሜትር በላይ ስለ ሆነ በዚያ ሰው የሚበላው ነገር አይበቅልም፤ ጓሳ፣ አስታና ጅብራ ነው ያለው። እንግዲህ በዚህ ሁሉ ዳገት ላይ አንዱ እርሻ ከሌላው ጋር አይመሳሰልም። ፀሐይ የሚያገኘው አለ፤ ውርጭ የሚመታው አለ፤ በበልግ የሚዘራው አለ፤ ክረምቱን የሚጠብቀው አለ። ገበሬውም ለያንዳንዱ የሚስማማ ዘር ሲመርጥ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል። ዛሬ በትምህርት ቤት ቋንቋ «ብዝኃ ሕይወት» የምንለው ነገር በላስታ ደጋ ሲታይ ይኸው ነው፤ ብዙ ዓይነት መሬት፣ ብዙ ዓይነት ዘር፣ ዘሩንም የሚያውቅ ሰው።

ገብስን እንውሰድ። አባቶቻችን ገብስን የእህል ንጉሥ ይሉታል፤ ለእንጀራውም፣ ለበሶውም፣ ለገንፎውም፣ ለቆሎውም፣ ለጠላውም ስለሚሆን ነው። ነገር ግን «ገብስ» ብሎ መናገር የከተማ ሰው አነጋገር ነው። ባላገሩ ሰነፍ ቆሎ፣ ሰምረታ፣ ጥቁር ገብስ፣ ነጭ ገብስ እያለ ይለየዋል። ሰነፍ ቆሎ የተባለው ገለባው በቀላሉ ስለሚለቅ ነው፤ ሰነፍም ቢሆን ይፈትገዋል ማለት ነው። ስሙ ራሱ የእህሉን ጠባይ ይነግራል። ጥቁሩ ገብስ ለገበያ መልኩ አያምርም፤ ቢሆንም ክፉ መሬት ላይ የማያሳፍር ስለ ሆነ ድኻ ገበሬ አይለቀውም። በዚህ ላይ ይህን ሁሉ የሚመርጡትና የሚያስቀምጡት በአብዛኛው እናቶቻችን ናቸው። የማሽላውን ራስ ከምድጃ በላይ ሰቅሎ ጢስ እንዲጠጣ ማድረግ፣ ነቀዝ እንዳይገባው ዘሩን ለብቻ በጎታ ማኖር፣ የትኛው ለዘር የትኛው ለምጣድ እንደሚሆን መወሰን የነርሱ ሥራ ነው። ይህን ዕውቀት በመማሪያ መጽሐፎቻችን ውስጥ ብትፈልጉት አታገኙትም።

የውጭ አገር ሊቃውንት ግን ከብዙ ጊዜ በፊት አይተውታል። ኒኮላይ ቫቪሎቭ የተባለው ሩሲያዊ የዕፀዋት ሊቅ በ1919 ዓ.ም. ወደ አገራችን መጥቶ፣ በአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ዘንድ ቀርቦና ፈቃድ አግኝቶ፣ በበቅሎ እየተጓዘ ብዙ ሺህ የእህል ናሙና ሰበሰበ። የስንዴውና የገብሱ ዓይነት መብዛት አስደነቀው፤ ኢትዮጵያንም የታረሱ ዕፀዋት ከፈለቁባቸው ጥቂት የዓለም ማእከሎች አንዷ ናት ብሎ ጻፈ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማረም ይገባናል። ብዙዎቻችን ይህን ስንሰማ ሁሉም እህል ከእኛ አገር የተፈጠረ ይመስለናል። ጤፍ በእርግጥ የእኛ ነው። ገብስና ስንዴ ግን መጀመሪያ የለሙት በመካከለኛው ምሥራቅ እንደ ሆነ የዛሬው ጥናት ያሳያል፤ ወደ እኛ በጥንት ዘመን መጥተው በተራራችን ላይ ብዙ ልጆች ወለዱ። ክብሩም ከዚህ አያንስም። እንግዳውን ተቀብሎ ሌላ ቦታ የሌለ ጠባይ እንዲያወጣ ያደረገው የእኛ ገበሬ ነውና።

ይህ ጠባይ ለዓለም ምን እንደ ጠቀመ ሦስት ምሳሌ እንስጥ። የመጀመሪያው፣ በካሊፎርኒያ የገብስ እርሻ ቢጫ እያደረገና እያቀጨጨ የሚያጠፋ የቫይረስ በሽታ ተነሥቶ ነበር፤ በሽታውን የሚቋቋመው ዘረ መል የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። ሁለተኛው፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ የጀርመን መልእክተኞች ከኢትዮጵያ የሰበሰቡት ገብስ ቅጠል ላይ እንደ አመድ የሚነሰነስ የሻጋታ በሽታ የማይነካው ሆኖ ተገኘ፤ ዛሬ በአውሮፓ የሚዘራው የቢራ ገብስ ብዙው ይህን ጠባይ ወርሷል። እንግዲህ ከአውሮፓ የሚመጣ ቢራ የሚጠጣ ተማሪ ቢኖር ከገበሬያችን ዘር እንደሚጠጣ ይወቀው። (ጠላ ይሻላል የምንለው ግን በሌላ ምክንያት ነው።)

ሦስተኛው የወሎ ጉዳይ ስለ ሆነ ትንሽ እንቆይበት። ማሽላ ሆድ ይሞላል እንጂ ላይሲን የተባለው ለሰውነት መገንቢያ የሚያስፈልገው ነገር ይጎድለዋል። በአሜሪካን አገር በፐርዱ ዩኒቨርስቲ ያሉ ተመራማሪዎች ከዓለም የተሰበሰበውን ከ9,000 በላይ የማሽላ ዓይነት አንድ በአንድ መርምረው፣ ላይሲን የበዛበት ሁለት ዓይነት ብቻ አገኙ። ሁለቱም የኢትዮጵያ ናቸው፤ የሚዘሩትም በወሎ ነው። ይህን እ.ኤ.አ. በ1973 አሳተሙት። ባላገሩ ግን ላቦራቶሪ ሳይኖረው አንዱን ከጥንት ጀምሮ «ወተት በጉንጬ» ይለዋል፤ ሌላው ደግሞ ስሙን ከማር የወሰደ ነው። ምርታቸው ዝቅ ያለ ስለ ሆነ ማንም እርሻውን በሙሉ አይዘራቸውም። ከሌላው ማሽላ መካከል ጥቂት ጥቂት አድርጎ ያበቅላቸውና እሸቱን ጠብሶ ይበላዋል፤ ለልጆችም ይሰጣል። እንግዲህ ምርታቸው ትንሽ ነው ብሎ አንድ የልማት ሠራተኛ ቢያስጥላቸው ኖሮ ማን ያውቅ ነበር?

የሚያሳዝነው ያ ጥናት የታተመበት ዓመት ነው። 1965 እና 1966 ዓ.ም. የወሎ ረኃብ ዘመን ነበር። የዓለም ሊቃውንት የወሎን ማሽላ ሲያደንቁ የወሎ ሰው በመንገድ ዳር ይረግፍ ነበር። በ1977 ደግሞ የባሰው መጣ፤ ላስታም ከተጎዱት አገሮች አንዷ ሆነች። ረኃብ ሲመጣ መጀመሪያ የሚሸጠው ከብት ነው፤ ቀጥሎ የቤት ዕቃ ነው፤ በመጨረሻ የሚበላው ዘር ነው። ገበሬ ዘሩን ሲበላ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል፤ ልጁ ፊቱ ተቀምጦ ግን ምን ያድርግ? ዝናቡ ሲመለስ የሚዘራው የለውም፤ ከዕርዳታ ስንዴ ላይ ቆጥቦ ይዘራል፤ ያ ስንዴ ደግሞ ለወፍጮ የመጣ እንጂ ለላስታ ውርጭ የተመረጠ አይደለም። በዚህ ዓይነት የጠፋው ዘር ስንት እንደ ሆነ የቆጠረ የለም፤ ስሙም ከባለቤቱ ጋር ተቀብሯል።

በዚህ ጉዳይ የሌኒንግራድን ነገር ሳናነሣ አናልፍም። ቫቪሎቭ ከእኛና ከሌላም አገር የሰበሰበው ዘር በዚያች ከተማ ተቋም ውስጥ ተቀምጦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1941 የጀርመን ጦር ከተማዋን ሲከባት፣ ዘሩን ይጠብቁ ከነበሩት ሠራተኞች አንዳንዶቹ በሩዝና በስንዴ ጆንያ መካከል ተቀምጠው በረኃብ ሞቱ። ዘሩን አልነኩም። ቫቪሎቭም ራሱ በስታሊን መንግሥት ተከሶ እ.ኤ.አ. በ1943 በሳራቶቭ እስር ቤት በረኃብ ሞተ። ይህን የምንነግራችሁ የላስታን ገበሬ ለመውቀስ አይደለም። እነዚያ ሰዎች የሞቱት በራሳቸው ፈቃድ ነው፤ ከባላገር ግን ልጆቹን ለዘር ሲል ይገብር ዘንድ ሊጠየቅ አይገባም። ስለዚህ ዘር የሚጠብቅ ሌላ ቤት ያስፈልጋል።

እንዲህ ያለ ቤት በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1976 በጀርመን ዕርዳታ በአዲስ አበባ ተቋቋመ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሚባለው ነው። ዶክተር መላኩ ወረደ ብዙ ዓመት መርተውታል፤ በ1977ቱ ድርቅ ጊዜም ዘሩ ተበልቶ ሳያልቅ ከየገበሬው እንዲሰበሰብ አደረጉ። ከዚያም አልፈው፣ ዘር በማቀዝቀዣ ብቻ መቀመጥ የለበትም፤ ገበሬው በማሳው ላይ ያኑረው፤ ሊቁም አብሮት ይሥራ የሚል ሐሳብ አመጡ። በዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ተቀበሉ። እኛም ከሁለቱ መንገዶች የኋለኛው ይበልጣል እንላለን። ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለ ገብስ ባለበት ይቆማል፤ ማሳ ላይ ያለው ግን ከሚለወጠው ዝናብ ጋር አብሮ ይለወጣል። ነገር ግን ማሳውም በጦርነት ይያዛል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነት ላስታ ሲደርስ፣ የ2014 አዝመራ ምን እንደ ገጠመው ከዚያ የመጣን ሁሉ እናውቀዋለን። ስለዚህ ሁለቱም ይኑሩ።

አሁን ወደ መሬቱ እንለፍ። በየስብሰባው «ከመቶ ዓመት በፊት የኢትዮጵያ 40 በመቶ በደን ተሸፍኖ ነበር» ሲባል እንሰማለን። ይህ ቁጥር ከየት እንደ መጣ ታሪክ ጸሐፊው ጄምስ ማካን መርምሮ፣ ማስረጃው ደካማ መሆኑን አሳይቷል። በተለይ ለሰሜኑ አገር የሚስማማ አይደለም። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ከሰንዓፈ ተነሥቶ በአሸንጌ በኩል ወደ ዋድላና ደላንታ ሲያልፍ ፎቶግራፍ አንሺዎች አብረውት ነበሩ። የዛሬ ተመራማሪዎች ያን ፎቶግራፍ ይዘው በዚያው ቦታ ቆመው እንደ ገና አነሡ። ከተመለከቱት ቦታ በብዙው ተራራው ያን ጊዜም የተራቆተ ነበር፤ ዛሬ እንዲያውም ዛፍ ጨምሯል። ይህ ምን ያስተምረናል? የደኑ ጥፋት ትናንት የመጣ ሳይሆን በጣም የቆየ መሆኑን፤ ደግሞም መሬት ሊያገግም እንደሚችል። ነገር ግን የጨመረው ዛፍ ምን ዓይነት ነው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። አንዳንዱ ገበሬው እርከን ሠርቶና ከብት ከልክሎ ያዳነው ቁጥቋጦ ነው፤ ብዙው ግን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ማገዶ ሰጥቷል፤ ቤት ሠርቷል፤ ለድኻ ገንዘብ አስገኝቷል፤ አንረግመውም። ጥድና ወይራን ግን አይተካም።

ጥድና ወይራን ማየት የሚፈልግ ከላሊበላ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይምርሐነ ክርስቶስ ይሂድ። በዋሻ ውስጥ ያለው ቤተ ክርስቲያን ግድግዳው እንጨትና ድንጋይ እየተነባበረ የተሠራ ነው፤ ከዋሻው ውጭ ደግሞ የጥድ ደን እስከ ዛሬ ቆሟል። በየገዳሙና በየደብሩ ዙሪያም እንዲሁ ነው። ካህናቱ ደኑን የጠበቁት የዕፀዋት ትምህርት ተምረው አይደለም፤ የቤተ ክርስቲያን ልብስ ነው ብለው ነው። የሆነው ሆኖ የሰሜን ኢትዮጵያ አገር በቀል ዛፍ ዘሩ የተረፈው በእነርሱ አጥር ውስጥ ነው። የሚያሳስበው አጥሩ ትንሽ መሆኑ፣ ከብትም ስለሚገባ ችግኙ አለማደጉ ነው። የሽማግሌ ዛፍ ደን ልጅ ከሌለው እስከ መቼ ይቆያል?

ዛፉ ከእህሉ ጋር ምን አገናኘው የሚል ይኖር ይሆናል። እንጨት ሲጠፋ ሴቶች ኩበት ያነዳሉ፤ ኩበቱ ሲነድ መሬቱ ፍግ ያጣል፤ መሬቱ ሲደክም ምርቱ ይቀንሳል፤ ምርቱ ሲቀንስ ገበሬው ሌላ መሬት ፍለጋ ወደ ዳገት ይወጣል፤ ዳገቱ ሲታረስ አፈሩ በጎርፍ ወደ ተከዜ ይወርዳል። የተከዜ ምንጭ ከላስታ ተራሮች ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በትግራይ የተመረቀው የተከዜ ግድብ የኛን አፈር ይቀበላል፤ ለኤሌክትሪክ ተብሎ የተሠራ ኩሬ በጭቃ ሲሞላ ኪሳራው የአገር ነው።

ዳገቱን የሚወጣው ማረሻ አቡነ ዮሴፍ ላይ ደርሷል። ገብስ ውርጩ እስከሚፈቅድለት ድረስ ይወጣል፤ የአየሩ መሞቅም መንገዱን ይከፍትለታል። በዚያ ላይ ያሉት ነዋሪዎች ደግሞ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የሌሉ ናቸው፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ። ቀይ ቀበሮ በአገሩ ሁሉ ተቆጥሮ ለአካለ መጠን የደረሰው 500 አይሞላም፤ አቡነ ዮሴፍ ላይ ያለው ጥቂት ነው። የሚኖረው ከጓሳው ውስጥ አይጥ እየያዘ ነው፤ ስለዚህ ጓሳው ሲታረስ ምግቡ ይጠፋል፤ ከእረኛ ጋር የሚወጣው ውሻ ደግሞ የእብደት በሽታ ያመጣበታል። እዚህ ላይ ገበሬውን ብቻ ጥፋተኛ ማድረግ የአዳራሽ ፍርድ ነው። በመንዝ የጓሳ ደጋ ሕዝቡ በራሱ ደንብ ሣሩን ለብዙ ዓመት ይዘጋና በጋራ ይከፍት ነበር፤ የ1967 የመሬት አዋጅ ያን ደንብ አፈረሰው፤ በኋላ ግን ሕዝቡ በአዲስ መልክ አቆመው። አቡነ ዮሴፍም ዛሬ በኅብረተሰብ የሚጠበቅ ክልል ሆኗል። ሕዝቡ የሚጠብቀው ግን ሲያገኝበት ነው፤ ሣሩን ለክዳንና ለገመድ የሚያጭድበት ወቅት ተለይቶ ሊታወቅለት፣ ከጎብኚውም ገንዘብ ድርሻ ሊደርሰው ይገባል። ጎብኚ በጠፋበት ዓመት ደግሞ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ማሰብ ይሻላል።

ከመምህሮቻችን አንዳንዶቹ በልባቸው የሚሉትን እናውቃለን፤ «የሕዝቡ ቁጥር በዝቷል፤ በአያቶቻችን ዘር አንመገብም» ነው። እውነት ነው። የተሻሻለ ዘር አንቃወምም፤ ቁንጮ የተባለው ጤፍ የብዙ ገበሬ ጎተራ ሞልቷል፤ እርሱም የተገኘው ከአገር ውስጥ ጤፍ ተዳቅሎ ነው። የምንቃወመው አገሩ ሁሉ አንድ ዘር እንዲዘራ ማድረግን ነው። ኩብሳ የተባለው ስንዴ በሰፊው ተዘርቶ ሳለ በ2003 ዓ.ም. ቢጫ ዋግ አጠፋው። ገበሬው በእርሱ ፋንታ ዲገሉን ያዘ፤ በ2006 ደግሞ የግንድ ዋግ መጥቶ ዲገሉን በላው። ዋግ አንድን በር የሚከፍት ቁልፍ ካገኘ የጎረቤቱም በር አንድ ዓይነት ከሆነ መንደሩን ሁሉ ይዘርፋል። በሰሜኑ ደጋ ገብስና ስንዴ ደባልቆ የሚዘራ ገበሬ አለ፤ በትግራይና በኤርትራ ሐንፈጽ ይሉታል። ዝናብ ሲያጥር ገብሱ ይደርሳል፤ ሲረዝም ስንዴው ያገለግላል። ይህን ኋላ ቀርነት ነው ብሎ ማስጣል ቀላል ነው፤ የሚተካውን ማምጣት ግን ከባድ ነው።

ደግሞም ዘራችንን ሌላው እንዲወስደው ስንተው ምን እንደሚከተል አይተናል። አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አሠራር ላይ በአውሮፓ የባለቤትነት መብት አስመዝግቦ ነበር፤ ጤፍን ለሺህ ዓመታት ፈጭቶ የኖረ ሕዝብ ለራሱ እህል ከልካይ ተነሣበት። በ2011 ዓ.ም. የሔግ ፍርድ ቤት አዲስ ግኝት የለበትም ብሎ መብቱን ሻረው። ክርክሩን ያሸነፈው ግን የኢትዮጵያ መንግሥት ሳይሆን ሌላ የሆላንድ ነጋዴ መሆኑን ልብ በሉ።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ እንዲህ ነው። ለክረምት ዕረፍት ወደ አገራችሁ ስትገቡ እያንዳንዳችሁ በቤታችሁና በጎረቤታችሁ የሚዘራውን እህል ስም እየጠየቃችሁ ጻፉ። «ገብስ» ተብሎ የተጻፈ አንቀበልም፤ የየትኛው ገብስ ስም እንደ ሆነ ይገለጽ። መቼ ይዘራል? በስንት ወር ይደርሳል? ለምን ይሆናል? ከማን ተገኘ? ዛሬ የማይዘራ ነገር ግን ሽማግሌዎች የሚያስታውሱት ዘር ካለ ለብቻው ይጻፍ፤ መቼና ለምን እንደ ጠፋም ይጨመር። ከአባት ብቻ ሳይሆን ከእናትና ከአያት ጠይቁ። ዘሩን ራሱን ግን ለማያውቁት ሰው አትስጡ፤ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት የዘሩ ባለቤትነት የመንግሥትና የኢትዮጵያ ሕዝብ፣ የዕውቀቱ ደግሞ የኅብረተሰቡ ስለ ሆነ፣ የሚሰጥም ቢሆን በብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት በኩል ነው። የእርሻና የዕፀዋት ትምህርት መምህሮቻችን ደግሞ የሚመጣውን ዝርዝር አብረውን እንዲያጣሩልን እንለምናለን።

መጠየቂያው ወረቀት ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይገኛል። ከቡግና፣ ከመቄት፣ ከጊዳንና ከዋድላ የመጣችሁ ተማሪዎች ከስብሰባው በኋላ ትንሽ ቆዩ፤ ወረዳውን እንከፋፈላለን።